ድምፅ የሌለው ዲስክ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ወጥተዋል። እትዬ አበባ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለው ምግብ ቤታቸው፣ ጋሽ ግርማ ሥራ፣ ልጃቸው ሜላት ትምህርት ቤት። የቤቱ የብረት በር እንደ ሁሌው ከውጭ ተቆልፏል፤ የግቢው በር ላይ ደግሞ አስካሪው አለ፣ ዘበኛውን እዚህ እንዲህ ነው የሚሉት። ኮምፒውተሩን አስነሳሁት። ሲያጓራ ሲያቃስት ወፍጮ ነው የሚመስለው። እስኪነሳ ሳሎኑን ወልውዬ እጨርሳለሁ። ከዛ ለሰ. በቻት ጻፍኩላት። ስሟን አንቺም ላይ አልጽፍም ማስታወሻዬ፣ ፈራሁ። ድንበር ተሻግረን ከሞያሌ አንድ አውቶብስ ላይ የመጣን ነን፣ አሁን ፀጉር ቤት ትሠራለች። እትዬ ፓስፖርቴንም ስልኬንም እንደያዙብኝ የምታውቅ እሷ ብቻ። ዛሬም ያው ነው የምትለኝ፣ አንቺ ብቻ ከግቢው ውጪልኝ፣ ኤምባሲያችን እወስድሻለሁ፣ ሊሴ ፓሴ የሚሉትን የመመለሻ ወረቀት ያወጡልሻል፣ አገርሽ ትገቢያለሽ። ብቻ ውጪ! በየት በኩል?

መኪና ገባ። ጥፋ ብለው አይጠፋ፣ ገና ያጓራል። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ጎረቤት ነው። ጎረቤት ነው።

ሐሙስ፣ ጥ. 5

ጋሽ ኢሜል ሊከፍቱ ተቀምጠው ተቀምጠው መረራቸው፣ ፉንዲ ጠሩ። እዚህ ማንንም ጠጋኝ ፉንዲ ነው የሚሉት። ልጁ ዲስኩ አርጅቷል አለ። ሁለት ምርጫ አቀረበ፦ አንዱ እንደ አሮጌው ውስጡ የሚሽከረከር፣ በጣም ሰፊ። ሌላው አዲስ የመጣ፣ ምንም የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ ድምፅ የማያሰማ፣ እፍ ሳትይ የሚነሳ፤ ግን ጠባብ፣ ግን ውድ።

ሜላት፦ «ዳዲ ፕሊዝ፣ ትልቁን! ሙቪዎቼ የት ይግቡ?»

እትዬ፦ «ትንሹን በውድ? እኔ ትንሽ ሳህን በውድ ባቀርብ ሰው ፊቴ ላይ ነው የሚደፋው!»

ጋሽ ሳቁ። እኔ ሳህን እያነሳሁ ነው። ድምፅ የለውም። ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይጠፋል። ኧረ ይሄ ለኔ ነው የተሠራው! ግን ማን ጠይቆኝ።

ቅዳሜ፣ ጥ. 7

ተናገርኩ! እኔ! እትዬ ሳሎን ዳዊት ሲደግሙ ሜላት ኮምፒውተሩን ለኮሰችው፣ ጓጓጓ። እትዬ ተቆጡ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ፣ ያ ድምፅ የሌለው ቢገዛ ኖሮ ዳዊትዎን አይረብሽም ነበር አልኩ። ዳዊቱን ከደኑ። አለቀልኝ ስል ወደ ጋሽ ዞረው፦ «ሰማህ ግርማ? ይቺ እንኳ ካንተ ትሻላለች!»

ዝምተኛው ሊገዛ ነው። ድስት ሳጥብ ሳቄ አመለጠኝ። እዚህ ቤት ከገባሁ መጀመሪያዬ መሰለኝ።

ሰኞ፣ ጥ. 9

ምን አፌን አስከፈተኝ። ፉንዲው ደወለ፤ አዲሱ ጠባብ ስለሆነ የአሮጌው ሁሉ አይገባበትም አለ። ሐሙስ ጋሽ የፉንዲው ሱቅ ሄደው፣ አብረው አንድ በአንድ እያዩ፣ ይሄ ይቀመጥ ያ ይጣል ሊሉ ነው። አንድ በአንድ!

ሜላትን የኔ ነገር እዛ ውስጥ ይኖራል ወይ አልኳት። ቻት ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ አገር ቤት ካለች ጓደኛዬ ጋር የማወራ ይመስላታል። ሳቀች፣ እንደ እዚህ አገር ልጆች ሠራተኛዋን ዳዳ ነው የምትለኝ፦ «ዳዳ፣ ቻቱ'ኮ ሁሉንም ሴቭ ያደርጋል!» ሁሉንም? ሁሉንም። ኤምባሲው አለ። በሩ አለ። እትዬን የረገምኩት አለ። ባለፈው ገበያ ስለዘገየሁ ብቻ ስልኬን ወሰዱብኝ፣ ከዛ ወዲህ ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም። ይሄን ካነበቡ ጉዴ ፈላ። ፖሊስ እናስይዝሻለን፣ እስር ቤት ትበሰብሻለሽ ይሉኛል ሁሌ። ነገ አጠፋዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥ. 10

አልቻልኩም። ጋሽ የመብራት ገመዱን ነቅለው መኝታ ቤት ቆልፈውበታል። ፉንዲው ዲስኩ ሊሞት ነው፣ እስከ ሐሙስ እንዳይነካ ብሏቸዋል። የኮምፒውተሩ ሳጥን እዛው ጠረጴዛ ሥር አለ። እወለውለዋለሁ። ሆዱ ውስጥ እኔ ነኝ ያለሁት፣ ምን አባቴ ላድርግ። ለሰ. እንኳ መንገር አልችልም።

ሐሙስ፣ ጥ. 12፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ሚካኤል ነው። እትዬ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ጋሽ ጢማቸውን እየላጩ ነው። አሁን አሁን፣ ከመታጠቢያ ቤት ሆነው ጮሁ፦ «አንቺ! ሳጥኑን ይዘሽ ውረጂ፣ ወገቤን አሞኛል። ፉንዲው ታክሲ ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል። ሰጥተሽው ቶሎ ተመለሺ፣ ለአስካሪው ደውዬለታለሁ።»

የብረት በሩ ተከፍቷል። እያየሁት ነው። ክፍት ነው!

እየቸኮልኩ ነው፣ ጽሑፌን ይቅር በይኝ። ሳጥኑን ለፉንዲው እሰጠዋለሁ፣ ሌባ አይደለሁም። ከዛ አልመለስም። ኤምባሲው በእግር ይደረሳል ብላኛለች ሰ.፣ ትልቁን መንገድ ይዘሽ ጠይቂ ብላለች። ፓስፖርቱ ይቅር። አንቺን ቀሚሴ ውስጥ አስሬሻለሁ፣ እንዳትወድቂ። አስካሪው ብቻዬን አያሳልፈኝም ነበር፤ ዛሬ ግን ሁለት እጄ ተይዟል፣ የግቢውን በር የሚከፍትልኝ ራሱ ነው። ጋሽ እየጠሩኝ ነው። መጣሁ፣ መጣ