ማይኩን ሳታጠፊ ያወራሽው

አንቺ የወንድሜ ልጅ፣

እኔ ወጥቻለሁ። የዛሬውን ስብሰባ ብቻሽን ትሠሪዋለሽ፤ የድምፅ ዕቃው በሩ ሥር ነው።

የማይኩን ድምፅ መቀበያ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪና አንቴናዎቹን ግራና ቀኝ ዘርጊ። መጀመሪያ እሱን አብሪ፣ ማይኩን ኋላ። ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት የሞገድ ቁጥር ካላየሽ ድምፅ አትጠብቂ። ባትሪውን አዲስ አድርጊ፤ ባለፈው ቆጥበሽ ሰውዬው ንግግሩ መሀል ዲዳ ሆኖ ቀረ። ማይክ ይዘሽ ስፒከር ፊት አትቁሚ፣ ያፏጫል።

ስትጨርሺ ማይኩን አጥፊ።
ይቺን ደግመሽ አንብቢያት።

ቅዳሜ ሰው ሳይገባ አዳራሹ ውስጥ ስፒከሩ ሥር ተቀምጬ ነበር። አንቺ ጓዳ ገብተሽ ከዚያ ቪዲዮ ቀራጭ ጋር ስትንሾካሾኪ ለሙከራ የሰካሽው ማይክ ደረትሽ ላይ በርቶ ነበር። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ ማይክ ደግሞ አፍ አለው።

«አክስቴ ጆሮዋ ደክሟል። ሲያፏጭ አትሰማም፤ ከኋላዋ ሆኜ የማስተካክለው እኔ ነኝ» አልሽው።

«ታዲያ እሷ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? እኔ ጋ ነይ» አለሽ።

መልስሽን አልሰማሁም። አንቺ ቀስ ብለሽ ይሁን፣ ጆሮዬ ይሁን፣ እንጃ። ከዚያ ወዲህ ሳይሽ ሆዴ ይጠረጥራል።

ሐኪም ቤት ጆሮዬን ላሳይ ሄጃለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለሱማ በጭራሽ።

ደህና ነው ካሉኝ ወዮልሽ!

አይደለም ካሉኝ ግን ከነገ ጀምሮ ድምፁን በግልጽ የምታስተካክዪው አንቺ ነሽ። እስከዚያው ለሱ የመለስሽለትን አስቢበት፤ ስመጣ ፊቴ ቁጭ ብለሽ፣ ያለ ማይክ፣ ጮክ ብለሽ ትነግሪኛለሽ።

አክስትሽ