ቀይ የተሰረዘበት ጓጉንቸር

ይድረስ ለወንድምዓለም ለረሺድ፤ ሐርቡ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? እማ የደም ግፊቷን ኪኒን ሳታቋርጥ ትውጣለች? ታናሻችን ጀነት ፈተናው ተራዘመ ብላ መጽሐፏን ጥላ እንደሆነ ንገረኝ፤ እዚህ ሆኜም ቢሆን እቆጣታለሁ። እኔን ካላችሁ አልሐምዱሊላህ፣ ይህን ለመጻፍ በቅቻለሁ። እናንተ ዘንድ ኢንተርኔቱ ከጠፋ ወዲህ ድምፃችሁ ስለራቀኝ፣ በረራ ባገኘችው በጎረቤት ቤት ሠራተኛ በጌጤነሽ እጅ ነው የምልከው። ለእማ ስታነብላት መሐሉን ዝለለው።

ወንድሜ፣ በጣም ፈርቼ ነበር። አብራኝ እዚህ ቤት የምትሠራውን ሸሪፋን፣ ያቺን የኮምቦልቻዋን፣ ትኩሳት ይዟት ሰንብታ ባለፈው ሳምንት አምቡላንስ ወሰዳት። አንድ ክፍል ነበር የምንተኛው። በማግስቱ እኔም ለኮሮና ተመረመርኩ፤ ማዳምም ሰገነት ላይ ካለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል አስገብታ ቆለፈችብኝ። ምግቤን ደፍ ላይ ጥላ ሮጣ ትወርዳለች። ሙቀቱን ተወው። ስልኬንም በሽታ ይዟል ብላ በበረኪና አጥባው ጸጥ ብሏል።

ዛሬ ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጋ አንድ ላፕቶፕ በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋችና፣ «ያ ዘኪያ፣ ጃሚዓ ጨርሻለሁ ትይ የለ? ውጤትሽን ራስሽ አውጪ። ከሰዓት እስከ ዐስር ሶላት ድረስ ካላየሁት መክተብ ነው የምመልስሽ» አለችኝ። ጃሚዓ የምትለው ዩኒቨርሲቲውን ነው፤ መክተብ ማለት ያመጣኝ የአስቀጣሪ ቢሮ ነው። በዚህ ጊዜ በሽታ አለባት ተብላ የተመለሰችን ልጅ ማን ያስጠጋል?

ላፕቶፑ ልጇ የተወው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ነው። ስከፍተው ቀኑ ጠፍቶበት አስገቢ አለኝ፤ አስገባሁለት። ወደ ውጤቱ ገጽ ስሄድ ግን ቀይ መስመር የተሰረዘበት ጓጉንቸር መጣ፤ ከሥሩም «ግንኙነትሽ አስተማማኝ አይደለም፤ አጥቂዎች መረጃሽን ሊሰርቁ ይችላሉ» ይላል። አጥቂዎች! እኔን ምን አላት ብለው? ማዳም ብታየው ቤቴ ሌባ አስገባሽ ትለኛለች ብዬ፣ ማንም በሌለበት ክፍል ስክሪኑን በሻሽ ሸፈንኩት።

ዘግቼ ከፈትኩ። የቆየውን ሁሉ አጠፋሁ። ሌላ ብራውዘር ሞከርኩ። ዋይፋዩ ደክሞ ይሆናል ብዬ ላፕቶፑን ታቅፌ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ያው ጓጉንቸር። ከታች «አደጋውን አውቄ ልቀጥል» የምትል ትንሽ መስመር ነበረች፤ ጣቴ ሄዳ ተመለሰች። የመታወቂያ ቁጥሬን ለማላውቀው ሰጥቼ ሌላ ጣጣ ባመጣስ? የቀትሩ የዙሁር አዛን ሲሰማ አለቀስኩ።

ሲደክመኝ፣ መክተብ ከገባሁ መጻፊያ አላገኝም ብዬ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ። ልማዴን ታውቀዋለህ፣ ቦታና ቀኑን ከግርጌ አስቀድሜ ነው የምጽፈው። «2012» ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ። ጠዋት ለላፕቶፑ የሰጠሁት ይህንኑ ነበር! ዓረፋ ስንት ቀን ቀረው እያልኩ በእኛ አቆጣጠር ስቆጥር ሰንብቼ፣ በድንጋጤ የእኛን ዓመት ሰጠሁት። ለእሱ ደግሞ፣ በፈረንጅ ስለሚቆጥር፣ 2012 ካለፈ ስምንት ዓመቱ ነው። እያንዳንዱ አስተማማኝ ገጽ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል የምስክር ወረቀት አለው፤ ላፕቶፑ ያን ሲያይ ቀኑ ገና ያልደረሰ ወረቀት ሆኖበት ነው በሩን የዘጋው። ሌባ የለም፤ እኔው ነኝ።

2020 ብዬ አስተካከልኩ። ገጹ ተከፈተ። ቁጥሬን አስገብቼ ክቡ ሲሽከረከር ግን ምነው ባልተከፈተ አልኩ። ከዚያ በዐረብኛ «ሰልቢ» የሚል ወጣ። የለብኝም ማለት ነው።

ማዳም ስትመጣ ስክሪኑን አዞርኩላት። አነበበችና፣ «ታዲያ እስካሁን ምን ስትሠሪ ነበር?» አለችኝ። «ቀን ስቆጥር» አልኳት። በሩን ክፍት ትታው ወረደች።

ሸሪፋም ከሆስፒታል ወደ ማዳም ስልክ ደውላ ነበር፤ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ ጀምራለች። ነገሩን ስነግራት ሳሉ እያቋረጣት ሳቀች፤ «ተመራቂዋ፣ ያንቺ ዲግሪ ዘንድሮ ነው ወይስ ከስምንት ዓመት በኋላ የሚጸናው?» አለችኝ። ለእናቷ ምግብ እየበላች ነው በሉልኝ፤ እውነት ነው።

እማን ጉልበቷን ሳምልኝ። ጀነትን ጆሮዋን ቆንጥጠህ ግንባሯን ሳማት። ጎረቤታችንን አባባ ሙላቱን ዱዓቸው ደርሶኛል በላቸው። አንተን ደግሞ አብሬህ ያልሰገድኩትን የዓረፋ ሶላት ሁሉ ያህል ናፍቄሃለሁ።

እህትህ ዘኪያ
ጃብሪያ፣ ኩዌት
ሐምሌ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፤ ለላፕቶፑ 2020