የክብርት ቶራ ሬንዳልን ዕረፍትና የመቀመጫቸውን ጉዳይ በተመለከተ

የደሴቶቹ ምክር ቤት የቀድሞ አባላት ማኅበር፣ የስካርቮ ወደብ ተመራጭ የነበሩት ክብርት ቶራ ሬንዳል ባለፈው ማክሰኞ በመኖሪያ ቤታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለምክር ቤቱ ሠራተኞችና ለሕዝቡ ያስታውቃል። ኀዘናችን ከባድ ነው ማለት ደንብ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ገና አልተሰማንም። መርዶው ሲነበብ ግማሾቻችን ሻያችንን ማማሰል አላቆምንም። እጃችን ብቻውን ያማስል ነበር።

ክብርት ቶራ እዚያው ስካርቮ ተወልደው፣ በዓሣ ገበያው ለረጅም ዘመን ነግደው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ምክር ቤቱን ተቀላቀሉ። በመጀመሪያው ዓመት ስለ መረብ ቀዳዳ ስፋት ባደረጉት ንግግር ጥቂት ሰው አስተኝተዋል፤ ካንቀላፉት መካከል የዚህ ማኅበር የቦርድ አባላት ይገኙበታል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የስካርቮ የጀልባ ማረፊያ ተደረመሰ። ጀልባ ይጠብቁ የነበሩ አራት ሰዎች ባሕር ውስጥ ቀሩ። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ክቡር ሄክተር ድሬቨር በምክር ቤቱ ፊት ቆመው «ማረፊያው አደገኛ መሆኑን ማንም አልነገረኝም» አሉ። የወደቡ ኃላፊ ግን ከአደጋው በፊት ሚኒስትሩን ቦታው ድረስ ወስዶ፣ የበሰበሰውን እንጨት በእግሩ እየመታ እንዳሳያቸው በአደባባይ መሰከረ።

በምክር ቤታችን አንዱ አባል ሌላውን «ዋሽተሃል» ማለት ክልክል ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ከአዳራሽ ይባረራል። እያወቀ ሐሰት የተናገረ ሚኒስትር ደግሞ ሥልጣን ይለቃል። ክብርት ቶራ በሁለቱ ደንቦች መካከል ሾልካ የምታልፍ አንዲት ጥያቄ አገኙ፦ «ክቡር ሚኒስትሩ ያን ቀን ያሉትን ዛሬ ይደግሙታል?»

ክቡር ሚኒስትሩ አልደገሙትም። አላረሙትምም። «ጉዳዩ ቀደም ሲል ምላሽ አግኝቷል» ብለው ተቀመጡ። በሳምንቱ ጥያቄዋ ተመልሳ መጣች። ከዚያ ወዲህ ክቡርነታቸው ሁለት ጊዜ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ቀይረዋል፤ ጥያቄዋም አብራ ተዛውራለች። የአራቱ ሟቾች ቤተሰቦች ከላይ ካለው ሰገነት ሆነው የሚጠብቁት «ነግረውኝ ነበር» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። እስከ ዛሬ አልሰሙም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ክብርት ቶራና ሚኒስትሩ በምክር ቤቱ ሻይ ቤት ሰልፍ ላይ መገናኘታቸውን የማኅበሩ አባላት ያስታውሳሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አይሰለችሽም?»

«አንዴ ድገመውና ልሰልች፣ ሄክተር።»

አዳራሹ ለሁሉም አባል ስለማይበቃ፣ መቀመጫ የሚያዘው በጠዋቱ ጸሎት ላይ ተገኝቶ የስም ካርድ በማኖር ነው። ያልጸለየ ቆሞ ይውላል። ክብርት ቶራ በእግዚአብሔር አላምንም የሚሉ ሰው ሆነው ሳለ፣ ከሚኒስትሩ ፊት ለፊት ያለችውን ቦታ ላለማጣት ሲሉ ከጸሎት ቀርተው አያውቁም። እንደ ልማዳችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ የአጃ ቂጣቸውን በኪሳቸው ይዘው ይቆሙ ነበር።

«ቶራ፣ ዛሬስ አመንሽ?» ይሏቸዋል ጸሎቱን የሚመሩት ቄስ።

«በመቀመጫዬ አምናለሁ፣ አባቴ።»

«አሜን ስትይ ግን ከሁሉም ትጮኺያለሽ።»

«እንዲሰማ ነዋ! ያ ማዶ ያለው ሰውዬ መምጣቴን ይወቀው።»

ባለፈው ረቡዕ ክቡር ድሬቨር ልብ የሚነካ ንግግር አድርገው፣ የክብርት ቶራ መቀመጫ ለክብራቸው ሲባል ለዘለዓለም ባዶ እንዲሆን፣ የነሐስ ጽሑፍም እንዲለጠፍባት ሐሳብ አቀረቡ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኛም ሰገነቱ ላይ ሆነን አለቀስን፤ በመጨረሻ ዕንባ መጣልን ብለን ደስም አለን። ደረጃው ላይ ስንደርስ አንጋፋው አባላችን አቶ ማንሲ ፍሌት ቆም አሉና፣ «ቆይ እንጂ! ባዶ መቀመጫ ምን ብሎ ይጠይቃል?» አሉ። ዕንባችን እዚያው ደረቀ።

ስለዚህ ማኅበሩ የቀረበውን ሐሳብ በአንድ ድምፅ ይቃወማል። ነሐሱ ይለጠፍ፤ ከላዩ ግን ሰው ይቀመጥበት። ሐሳቡ ድምፅ የሚሰጥበት በመጪው ሰኞ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ በደንቡ መሠረት መቀመጫዋ ለጸለየ ሰው ናት።

ለባለቤታቸው ለአቶ ጄሚ፣ ለስካርቮ ሕዝብ፣ ዛሬም ቃሉን ለሚጠብቁት አራት ቤተሰቦች መጽናናትን እንመኛለን። በየማለዳው ስለ እሳቸው ብላ ትጸልይ የነበረችውን ሴት ላጡት ለክቡር ሄክተር ድሬቨርም እንዲሁ።

ቤተሰቡ አበባ እንዳይመጣ ጠይቋል። የምክር ቤቱ ጸሎት ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፤ በሥራ ላይ ያላችሁ የምክር ቤቱ አባላት የስም ካርዳችሁን አትርሱ።