የውድነሽ ዘጠኝ ሰዓት

ደብረ ማርቆስ፣ ሰኞ መጋቢት ፭ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ጣሊያኖች የእህቴን የውድነሽን ልጅ ወደ አገራቸው ካጋዙት ዓመት ሞላው። ሲወስዱት «እማዬ፣ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኩል ለጸሎት እንቁም» ብሏት ነበር። ዛሬ ጸልያ ስትመለስ «ጋሼ፣ እሱም አሁን ጨረሰ አይደል?» አለችኝ። ዝም ማለት ሲገባኝ አስተማሪነቴ አሸነፈኝ። ሎሚና ጧፍ ይዤ፣ ፀሐይ እዚያ ዘግይታ እንደምትወጣ፣ የእኛ ዘጠኝ ለእሱ ገና ሰባት እንደሆነ አሳየኋት።

«ዓመት ሙሉ ብቻዬን ኖሯል የቆምሁት!» አለች።

«ከእንግዲህ በአሥራ አንድ ቁሚ፤ ያን ጊዜ ለእሱ ዘጠኝ ነው።»

«እሱም አስልቶ በእኔ ዘጠኝ ቢቆምስ? ሒሳብ ያስተማሩት እርስዎ አይደሉ?»

ይህን ስጽፍ ተመልሳ ቆማለች። በየቀኑ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ አልቀመጥም ብላለች፤ በጾም፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ።