ዳኛው ማንን እያሳደዱ ነው?

እሑድ፣ የካቲት 2

ዛሬም ግራ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ነቃ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሞላሌ ከተማ ወጣ ብዬ በድንጋይ ካቡ ዳር ያለችውን የእግር መንገድ ሮጥኩ። ሮጥኩ ማለት እንኳ ለራሴ ማዳላት ነው። አቀበቱ አጋማሽ ላይ ካለችው ብቸኛ ጽድ ሥር ቆሜ እንደ ወናፍ ተነፈስኩ። አራት ወር ሙሉ የምቆመው እዚያችው ጽድ ሥር ነው። ከእርሷ በላይ ሳልቆም ያለፍኩበት አንድም ቀን የለም።

ነገ ስንፍናዬ ሲከራከረኝ ማስረጃ እንዲሆን የምሮጥበትን ምክንያት እዚህ ላስፍር። ባለፈው ጥቅምት የእትዬ ማሚቴን የእርሻ ድንበር ክርክር በቦታው ለማየት ገደሉን ወረድኩ። በቅሎ የማይደፍረው ቁልቁለት ነው። ድንበሩን ሳላይ መሸብኝ፤ ስመለስም ትንፋሽ አጥሮኝ መንገድ ላይ ወደቅሁ። በቃሬዛ ያወጡኝ ተከራካሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከፊት የእትዬ ማሚቴ ልጅ ግርማ፣ ከኋላ ተከሳሹ አቶ ጌታነህ። ከሃያ ዓመት በላይ በዳኝነት ወንበር ላይ ስቀመጥ እንዲህ ያለ ውርደት አልደረሰብኝም። ይባስ ብሎ አቶ ጌታነህ ከላይ አድርሰው ሲያወርዱኝ፣ «ክቡር ዳኛ፣ አቀበት ላይ የሚከብደው የኋላው ነው። የኋላው የእኔ እንደነበር ይመዝገብልኝ» አሉ።

አሁን ከዞኑ ፍርድ ቤት ደብዳቤ መጥቷል። ጤናዬ ካልፈቀደ ጉዳዩ በከተማ ይታይ ይላል። እትዬ ማሚቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ያንን ገደል አይወጡትም። የጥንቱን ድንበር በጣታቸው ማሳየት የሚችሉት ደግሞ እርሳቸው ብቻ ናቸው። ድንበር ወደ ከተማ አይመጣ! እኔ ካልወረድኩ ማሳቸው ሄደ ማለት ነው።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 3

የሕመም ዝርዝር፦ ግራ ጉልበት፣ ቁልቁል ስወርድ። ቀኝ ተረከዝ፣ ጠዋት ጠዋት። የእግር አውራ ጣት ጥፍር፣ ጠቁሮ ሊወድቅ ነው። ኩራት፣ ሁልጊዜ።

ወጌሻው ጉልበቴን በቅቤ አሽቶ፣ «አልተሰበረም፣ አልወለቀም፤ አርጅቷል ብቻ» አለኝ። ይግባኝ የሌለው ፍርድ።

ሬጅስትራሯ ወይዘሮ አስናቀች ሳነክስ አይተው ዝም አላሉም። «ጋሼ፣ በእርስዎ ዕድሜ ሰው የሚሮጠው ወይ ለእሳት ወይ ለመርዶ ነው። አገሩን ምነው አሸበሩት?» ተቆጣሁ፤ ግን እውነታቸውን ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሴቶች ስሮጥ አይተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ተከተሉኝ። ማንም እንዳልሞተ ሳስረዳቸው ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ሩጫው፦ ጽዷ ድረስ። ቆምኩ። አዲስ ነገር የለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

በሮጥኩ ቁጥር የሚያባርሩኝ የመንገዱ ውሾች ስላስመረሩኝ ዱላ ይዤ ወጣሁ። ጥፋቴ ይህ ነው።

ከፊቴ አንድ ሰው ባና፣ ያንን ከበግ ጠጉር የሚሠራ ብርድ ልብስ፣ ተሸክሞ ይሄዳል። ዞር ሲል ዱላ የያዘ ሽማግሌ እየሮጠ መጣበት። ምን ያድርግ? እርሱም ሮጠ። ከማሳው ውስጥ አንዱ ገበሬ፣ «ያዘው! ዳኛው እያሳደዱት ነው!» ብሎ ጮኸ። እኔ «ተዉት! ተዉት!» ብል ትንፋሽ ከየት ይምጣ! ሁለት ሆነው ጣሉት።

«ያዝንልዎት ጌታዬ! ምን ሰርቆ ነው?»

«ምንም አልሰረቀም።»

«ታዲያ ለምን ሮጠ?»

«እኔ ስለሮጥኩ ነዋ!»

«እርስዎስ ለምን ሮጡ?»

«ለጉልበቴ።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለማስረጃ ባናውን እናቆየው እንዴ?» አለኝ።

ሰውየው ደምሴ የሚባል ባና ሠሪ ነው። አቧራውን ሳያራግፍ፣ «ጥፋቴን ባላውቀውም ይቅር ይበሉኝ» አለ። ይህን ስሰማ አፈርኩ። ስንቱ ችሎት ፊት ቆሞ እንዲህ ብሎኝ ይሆን? ትከሻውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ባናውን አብረን ጠቀለልን።

ሲረጋጋ ሳቀብኝ። «ጌታዬ፣ ከሮጡ አይቀር ቁልቁለት ላይ ተረከዝዎን አይትከሉ። ጉልበትዎን ላላ፣ እርምጃዎን አጠር አጠር ያድርጉት። እኔ ከነሸክሜ ገደሉን ስመላለስበት ኖሬ ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም።» አራት ወር የለፋሁበትን በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ።

ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ያስተዋልኩት፤ ደምሴን «አሳድድ» በነበረበት ሰዓት ጽዷን ሳልቆም አልፌያታለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አጠር አጠር እያደረግሁ ሞከርኩት። ጉልበቴ ዝም አለ፤ በምትኩ ተረከዜ ጮኸ። ዱላዬን እቤት ትቼ ስለወጣሁ ውሻ የሱሪዬን ጫፍ ቀደደው።

ቢሮ ስገባ ወይዘሮ አስናቀች፣ «ሌባው አመለጠዎት አሉ?» አሉኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ሌቦቹ ሦስት ሆነዋል፤ አንደኛው መሣሪያ ታጥቋል። ማስተባበሉን ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ለዞን የሚላከውን መልስ ጻፍኩ። «ጤናዬ ስላልፈቀደ» የምትለዋን ሐረግ ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ብፈርም ማንም አይወቅሰኝም፤ ጥፍሬም ያመሰግነኛል። ብዕሩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ደብዳቤው ሳይፈረም መሳቢያ ውስጥ ገብቷል።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ወረድኩ። ሜዳውን እየሮጥኩ፣ ቁልቁለቱን በደምሴ አረማመድ።

እትዬ ማሚቴ ከማሳው ዳር ቁጭ ብለው ሲጠብቁኝ ደረስኩ። በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ «ያቺ ድንጋይ አማቴ የተከሏት ናት። ይቺኛዋ ትናንት የተተከለች ናት፤ ሥሯ ገና ሣር አላበቀለም» አሉ። አቶ ጌታነህ ተከራከሩ። ድንጋይ በድንጋይ ዞሬ አየሁ፣ አስመዘገብኩ። ፍርዱን ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ማሳው ላይ አነባለሁ ብዬ ቀጠርኩ።

«በእግርዎ ይመጣሉ?» አሉኝ እትዬ ማሚቴ።

«በእግሬ።»

አቀበቱን ስጀምር ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ግርማና አቶ ጌታነህ ቃሬዛ ተሸክመው ይከተሉኛል!

«ይህ ምንድን ነው?»

«ለማንኛውም ብለን ነው ክቡር ዳኛ» አለ ግርማ።

«ተመለሱ!»

አልተመለሱም። ይልቁንም ይነታረኩ ጀመር። አቶ ጌታነህ፣ «ዛሬ ከፊት የምይዘው እኔ ነኝ» ሲሉ፣ ግርማ፣ «የኋላውን አስመዝግበው የለም እንዴ ጋሼ? በመዝገቡ ይርጉ እንጂ!» ይላል። ተናደድኩ። ንዴቱ ይሁን ሥልጠናው ያወጣኝ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ብቻ ቆምኩ፤ አንድ ጊዜም አልተቀመጥኩም። አፋፉ ላይ ደርሼ ዞር ስል፣ ሁለቱም ከታች ቃሬዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያለከልካሉ። ቆሜ ጠበቅኋቸው።

አሁን እግሬን የጨው ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው። ጉልበቴ አብጧል። ጥፍሩ ወልቋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድን አይድን እንጃ። ደብዳቤውን ግን ቀድጄዋለሁ።

አቶ ጌታነህ አፋፉ ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ ያሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ክቡር ዳኛ… ቃሬዛው… ባዶውን እንደወጣ… ይመዝገብልን።»

ባዶውን ወጥቷል። መዝግቤያለሁ።