ከላምበረት የመጣው ሳጥን

ማክሰኞ
ሞገስ ዛሬም ከላምበረት ባዶ እጁን አልተመለሰም። ከአንድ ተሸካሚ የብረት ሳጥን ገዝቷል፤ የፋብሪካው ስም ተፍቋል፣ እጀታ የለውም። ቴሌቪዥን ጠጋኝ አግብቼ ቤቴ የቁርጥራጭ መጋዘን ሆኖ ቀረ። ከእኛው ቴሌቪዥን ጋር ሲያገናኘው ማታ ሥርጭት ከመጀመሩ በፊት የሚታየው ክብ ሥዕል ብቅ አለ፤ በግራ በኩል ግን ጎደል ይላል። ጠጋኝ ምስል የሚያስተካክለው ይህን እያየ ነው አለኝ። ከእንግዲህ ምሽት መጠበቅ ቀረለት። የየት አገር ዕቃ እንደሆነ ብጠይቀው አያውቅም።

ረቡዕ
ምን ጉድ ነው። በዘጠኝ ሰዓት የቀበሌው አዳራሽ ቴሌቪዥን ሲወለወል ቢከፈት ክቡ ቁጭ ብሏል። በዚያ ሰዓት ሥርጭት ካለ አዋጅ ነው ተባለና ሊቀመንበሩ ሰፈሩን ሁሉ አስጠሩ። ልብሴን በሳፋ ትቼ ሄድኩ። ክቡን ስናይ አመሸን፤ አዋጅ የለም። ጎረቤቴ እትዬ ላቀች «መንግሥት ተገለበጠ ይሆን?» ብለው በጆሮዬ ሲያንሾካሹኩ ነጠላዬን ስቤ አፌን ሸፈንኩ። ኋላ ክቡ ጠፋ። ማታ ዜናው እንደ ወትሮው።

ሐሙስ
ቀበሌ ሞገስን አስጠራው። ሊታሰር ነው ብዬ አለቀስኩ። ለካ ባለሙያ ነህና ሥዕሉ ከየት እንደመጣ ድረስበት ሊሉት ነው። ፀረ አብዮተኛ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ተደብቆ የሚልከው ነው ይላሉ፤ አብዮት ጥበቃዎች ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተዋል። ሞገስ እየሳቀ ሲነግረኝ ትዝ አለኝ። «የአዳራሹም ክብ በግራ በኩል ጎደሎ ነበር» አልኩት።
ሳቁ ቀጥ አለ። ለካ ረቡዕ ሳጥኑን ከጣሪያው አንቴና ጋር አስሮ ሲሞክር ነው የዋለው፤ አንቴናው ክቡን እስከ አዳራሹ ልኮታል።

ዓርብ
እንቅበረው አልኩ። እሱ ፈታታው። አምፖሎቹ የሆላንድ፣ ትራንስፎርመሩ የእንግሊዝ፣ ሽቦው የጃፓን። ማን ሰጠህ ቢሉት የቱን አገር ይጥራ?
ከሰዓት በኋላ ሁለት እንጨት ለቃሚዎችን ከእንጦጦ አውርደው ቀበሌ አሰሩ። አንደኛዋ የምታጠባ ናት። ሞገስ ይህን ሲሰማ እራቱን ገፋው። «ነገ እነግራቸዋለሁ» አለ። እኔም የሚሄድበትን ሸሚዝ ተኮስኩለት።

ቅዳሜ
ሳጥኑን መልሶ ገጥሞ ተሸክሞት ሄደ፤ እኔም ከኋላው። ሁሉንም ተናገረ። ሊቀመንበሩ ፊታቸው ጠቆረ። «የየት አገር ነው?» አሉ። ራሳቸው ከፍተው ዕቃዎቹ የተሰኩበትን ቆርቆሮ ነቅለው ገለበጡት። ጀርባው ላይ በአማርኛ «ንጹሕ የኑግ ዘይት» ይላል፤ የዘይት ቆርቆሮ ተቆርጦ ነው የተሠራው።
«ታዲያ የእኛው ነዋ» አሉ።
ሴቶቹ ወዲያው ተፈቱ። እፎይ አልኩ፤ ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሊቀመንበሩ የሞገስን እጅ ጨብጠው «ጓድ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሠርተህ ትደብቃለህ?» አሉት። እኔ አልሠራሁትም ቢል ትሕትና መሰላቸው። ነገ በአዳራሹ ለሕዝብ ያሳያል፤ ለጎረቤት ቀበሌም ሁለተኛ እንዲሠራ ታዟል።
ማን እንደሠራው እኛም አናውቅም። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ?
አሁን ሞገስ ከሳጥኑ ፊት ተቀምጦ ለሁለተኛው የሚሆን የጓዳችንን የዘይት ቆርቆሮ አምጪልኝ ይለኛል። ገና ግማሽ ዘይት አለበት አልኩት።