መቋሚያህን ለካሣሁን ሰጠሁት

እስቴ፣ የካቲት 2006 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ዓለምነህ፣

አርባህን ትናንት አወጣንልህ። የኔታ ቀለመ ወርቅ ፍትሐቱን ሲመሩ ድምፃቸው መሀል ላይ እየተቆረጠባቸው ተማሪዎቻቸው ተቀበሏቸው። ዛሬ ቤቱ ጭር ሲል ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። እጄ ዘገምተኛ ነው፤ አንተ ግን ታግሠህ ታነብልኝ ነበር።

ከቤተ ልሔም የድጓ ትምህርትህን ጨርሰህ ስትመጣ ዳሌህን እንደሚያምህ የነገርከው ለእኔ ብቻ ነበር። መቋሚያህን ብብትህ ሥር አድርገህ ስትሄድ ያየህ ሁሉ ደብተራ ነው ይልሃል እንጂ አነከሰ አይልህም። እኔ ግን ብብትህ ተልጦ ስላየሁ ከነጠላዬ ቀድጄ የመቋሚያውን ራስ ጠቀለልኩልህ።

ሕመሙ ሲብስብህ አዲስ አበባ ሄድን። ሐኪሟ ራጅህን ብርሃን ላይ ይዛ አሳየችን። "የጭኑ አጥንት ራስ ደም አጥቶ እየሞተ ነው" አለች። ለአስምህ ስትውጠው የኖርከው ኪኒን ያመጣው ሊሆን ይችላል አለች።

"ደግነቱ ገና አልተደረመሰም። ከራሱ ከዳሌው መቅኒ ቀድተን፣ ሴሎቹን ለይተን፣ የሞተውን ቦታ ሰርስረን እናስገባለን። አዲስ አጥንት ያበቅል እንደሆነ ብለን ነው። በሁሉም ሰው አይሠራም፣ እማማ። እኔ ሳልፈቅድለት ግን በዚያ እግሩ እንዳይቆም።"

"አዲስ የበቀለ ገብስ ላይ ከብት እንደማይለቀቀው?" አልኳት።

ሳቀች። "እንደሱ ነው፤ ከብቱን ያዙልኝ።"

"ከብቱ እኔ ነኛ!" አልክ አንተ። ሦስታችንም ሳቅን።

ሐኪሟ እንዳለችው አድርጋልህ ወደ እስቴ ተመለስን። ለኅዳር ጽዮን በክራንችም ቢሆን ካልሄድኩ አልክ። የኔታ ራሳቸው በርጩማ አስመጡልህ። "ተቀመጥ፤ ለታመመ ሰው መቀመጥ ነውር የለበትም" አሉህ። ታቦቱ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ወረቡ ሲደምቅ፣ ከሴቶቹ መሀል ሆኜ ዓይኔን ከአንተ አልነቀልኩም። ካሣሁን ወደ አንተ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አለህ። ያለህን የነገርከኝ ኋላ ነው፦ "ምነው እንደ ሙሽራ ተጎለትክ? ሚዜ እንፈልግልህ?"

አንድ ጎጆ ውስጥ ተምራችሁ ያደጋችሁ ናችሁ፤ ጨዋታችሁ ዘወትር እንዲህ ነው። ብድግ አልክ። ከእነሱ ጋር ወደ ግራ ወደ ቀኝ ስትዘም ፊትህ በርቶ ነበር። ስትወድቅ ከበሮው ወዲያው አላቆመም።

አጥንቱ ተደረመሰ። ሐኪሟ የዘራችው ሳይበቅል ተረገጠ። ሁለተኛ ተቀደድክ፣ ቁስሉ መረቀዘ፣ ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ልትሄድ ስትል እጄን ይዘህ "እማዬ፣ ለካሣሁን እንዳትነግሪው። ስቆ ነው ያለኝ" አልከኝ። እሺ አልኩህ። ልጄ፣ ከባድ ነገር አሸክመኸኝ ሄድክ። ቀብርህ ላይ ከሁሉ አብልጦ ሲያለቅስ ሳየው ልጮህበት ነበር፤ አፌን በነጠላዬ ይዤ ቀረሁ።

ትናንት ሰዉ ሲበተን እሱ አልሄደም።

"እትዬ ውብነሽ፣ መቋሚያውን ቢሰጡኝ" አለ።

አመጣሁለት። ጨርቁን በጣቱ ዳሰሰው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ብብቱን እንዳይልጠው ነው።"

"መቼ ጠቀለሉለት?"

"ከቤተ ልሔም እንደመጣ።"

"ያኔም ያመው ነበር? እኔ እኮ አጠገቡ ነው የምቆመው!" አለ። ከዚያ ቀና ሳይል "ያን ዕለት… እኔ ባልኩት ነው የተነሣው?" አለኝ።

ዓለምነህ፣ አዎ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ጨርቁን በሁለት እጁ ጭብጥ አድርጎ ይዞት አየሁ።

"ከበሮው ነው" አልኩት። "ከበሮ እየተመታ መች መቀመጥ ይችልና!"

ጉልበቴን ስሞ ወጣ። መቋሚያህን ልክ እንደ አንተ ብብቱ ሥር አድርጎ ቁልቁል ሲወርድ፣ እስኪሰወር በሩ ላይ ቆሜ አየሁት።

ቃልህን ጠብቄልሃለሁ፤ ወደፊትም እጠብቃለሁ። ይቅር ማለቱን ግን ገና አልቻልኩም። እሱን ለእኔ ተወው፣ ልጄ። አንተ አሁን ዕረፍ፤ ተኛ።

እናትህ ውብነሽ